ኤሌክትሮኑ ሲመለስ

አቶምን በኃይለኛ የሌዘር ብልጭታ ብንመታው ምን ይሆናል? ብዙዎቻችሁ «ይበታተናል» ትሉ ይሆናል። ኤሌክትሮን መውጣቱስ ይወጣል፤ እኔን የሚደንቀኝ ግን ተመልሶ መምጣቱ ነው።

አርገንን እንውሰድ። ከአርገን አቶም አንድ ኤሌክትሮን ለመንቀል 15.8 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። የኢንፍራሬድ ሌዘር አንዷ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ያላት 1.5 ያህል ነው፤ ብቻዋን አትችለውም። የሌዘሩ ብርታት በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 100 ትሪሊዮን ዋት ሲጠጋ ግን ነገሩ ይለወጣል። የብርሃኑ ኤሌክትሪክ መስክ ከኒውክለሱ ስበት ጋር ይታገላል፤ ኤሌክትሮኑን የከለለው አጥር በአንድ ወገን ይሳሳል። ኤሌክትሮኑም ሳይዘል፣ ሾልኮ ይወጣል።

መስኩ ግን በአንድ አቅጣጫ አይቆይም። የ800 ናኖሜትር ሌዘር አንድ ዙር የሚጨርሰው በ2.7 ፌምቶሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ ቢሊዮንኛ) ነው። አቅጣጫው ሲገለበጥ የሸሸው ኤሌክትሮን ወደ አቶሙ ይነዳል። አብዛኛው ስቶ ያልፋል። ከአቶሙ ጋር ዳግም የተዋሃደው ግን በመንገድ ያጠራቀመውን ጉልበት በአንዲት ፎቶን ይለቀዋል፤ እሷም ከሌዘሩ ፎቶን በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ትበረታለች። መውጣት፣ መፋጠን፣ መመለስ፦ ካናዳዊው ፖል ኮርከም እ.ኤ.አ. በ1993 ክስተቱን ያብራራው በእነዚህ ሦስት እርምጃዎች ነው።

ብርሃኑ ራሱ የታየው ግን ከማብራሪያው በፊት ነበር። በ1987 አን ሉዊሊዬና ባልደረቦቿ ፈረንሳይ ውስጥ ኢንፍራሬድ ሌዘር በጋዝ ውስጥ ሲያሳልፉ፣ የሌዘሩን ድግግሞሽ ብዙ እጥፍ የሚሆኑ ብርሃኖች አገኙ። እጥፉ በጨመረ ቁጥር ብርሃኑ እየደከመ ይሄዳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እስከ ብዙ እጥፍ ድረስ ሳይቀንስ ቆየ።

ኤሌክትሮኑ በእያንዳንዱ ግማሽ ዙር ስለሚመላለስ ብርሃኑ በአቶሰከንድ የሚቆጠሩ ብልጭታዎች ሆኖ ይወጣል። አቶሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ቢሊዮንኛ ነው። በ2001 ፒየር አጎስቲኒ 250 አቶሰከንድ የሚቆዩ ተከታታይ ብልጭታዎችን ለካ፤ ፌሬንስ ክራውስ ደግሞ 650 አቶሰከንድ የሚቆይ አንድ ብልጭታ ነጥሎ አወጣ። ሉዊሊዬ፣ አጎስቲኒና ክራውስ የ2023ን የፊዚክስ ኖቤል ተካፈሉ።

ምን ይጠቅማል? ብርሃን ኤሌክትሮንን ሲያስወጣ ጊዜ እንደማይፈጅ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ2010 ግን በኒዮን አቶም ከሁለት የተለያዩ ምኅዋሮች በሚወጡ ኤሌክትሮኖች መካከል የ21 አቶሰከንድ ልዩነት ተለካ። ያንን መዘግየት ለመለካት የበቃው ሰዓት የተሠራው ደግሞ ከአቶሙ ወጥቶ በሚመለስ ኤሌክትሮን ነው።