የማዳጋስካር ሳይክሎንና የመቂ በልግ

በየካቲትና በመጋቢት መቂ ላይ ደመናው ከሰዓት በኋላ ይከመርና ማምሻውን ጠብታ ሳይጥል ሲበተን፣ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ወደ ጉራጌ ተራሮች ወይም የዝዋይን ሐይቅ ተሻግሮ ወደ አርሲ ነው። ዝናቡን ያስቀረው ግን አንዳንዴ በጣም ሩቅ ያለ ነገር ነው። ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ መካከል ባለው ባሕር ላይ የሚሽከረከር ሳይክሎን ሊሆን ይችላል። ዛሬ የዚህን ሳይክሎን አወላለድ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ከመቂ ሆኖ መከታተል ይችላል። ቢከታተልም ደስ ይለኛል፤ በልግ በቀረ ቁጥር በዚህ አካባቢ ሞተሩ ቀን ከሌት ይሠራል፣ ናፍጣው ይጨምራል፣ ለሽንኩርቱና ለቲማቲሙ ከመቂ ወንዝና ከዝዋይ ሐይቅ የሚሳበው ውሃም ይበዛል።

የሳይክሎንንና የበልግን ዝምድና በጥናት ካሳዩት አንዱ ኢትዮጵያዊ ናቸው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያው ዱላ ሻንቆ ከፒየር ካምበርሊን ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን የበዛባቸው ዓመታት ከኢትዮጵያ የድርቅ ዓመታት ጋር እንደሚገጣጠሙ አሳይተዋል። የበልጋችን እርጥበት በአብዛኛው የሚመጣው ከህንድ ውቅያኖስ ነው፤ የዚያ ባሕር የሳይክሎን ወቅት ደግሞ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስለሚቆይ በልግን ያገኘዋል። ቦይ ራስ ላይ ትልቅ ሞተር የተከለ ሰው ለታችኛው ማሳ ውሃ እንደማያስተርፍ ሁሉ፣ ሳይክሎኑም ወደ እኛ ይመጣ የነበረውን እርጥበት ወደ ራሱ ይስበዋል።

ሳይክሎን የሚወለደው ከሞቀ ባሕር ነው። ውሃው እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ድረስ 26.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወይም ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት። የተነነው እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን ሙቀት ይለቃል፤ ሙቀቱ አየሩን ይበልጥ ያነሳዋል፤ ከሥር ግፊቱ ይወርዳል፤ በዙሪያው ያለው አየርም ወደዚያው ይሮጣል። የሚሮጠውን አየር የሚያጣምመው የምድር መዞር ሲሆን፣ ይህ ኃይል ምድር ወገብ ላይ የለም። ስለዚህ ከወገቡ 5 ዲግሪ ያህል ባልራቀ ባሕር ላይ ሳይክሎን የሚወለደው ከስንት አንዴ ነው። ከሞቃዲሾ ፊት ለፊት ያለው ውሃ ምንም ቢሞቅ ብዙ ጊዜ ጸጥ የሚለው ለዚህ ነው።

መከታተያው ብዙ ወጪ የለውም። ከህንድ ውቅያኖስ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአውሮፓ ሚቲዎሳት ሳተላይት በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካል። ዊንዲ የተባለው መተግበሪያ ደግሞ የነፋሱን አካሄድ በቀለምና በሚንቀሳቀሱ መስመሮች ያሳያል። ጀማሪ ትልቅ ደመና ባየ ቁጥር ሳይክሎን መጣ ይላል፤ አብዛኛው ክምር ግን በሰዓታት ውስጥ ይሟሽሻል። ሊጠበቅ የሚገባው አንድ ቀን አልፎትም የማይበተን፣ ዳርቻው ወደ አንድ መሐል መታጠፍ የጀመረ ክምር ነው። ከምድር ወገብ በታች ስለሆነ መዞሩ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ላይና ታች ያለው ነፋስ አቅጣጫው ከተለያየ ደመናው ወደ ጎን ይገፋና መሐሉ ራቁቱን ይቀራል፤ እንዲህ የሆነው ብዙውን ጊዜ አይጠነክርም። ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሞሪሸስ ወይም የማዳጋስካር ሚቲዎሮሎጂ ስም ያወጣለታል፤ ትንበያውን በማዕከልነት የሚሰጠው ሬዩኒየን ደሴት ላይ ያለው የፈረንሳይ መሥሪያ ቤት ነው።

ስም ከወጣ በኋላ ዋናው ጥያቄ ያለበት ቦታ ነው። በመጋቢት 2011 ኢዳይ የተባለው ሳይክሎን የሞዛምቢኳን ቤይራ ከተማ ሲመታ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ዘገየ፤ ሚያዝያ 17 ቀን ደግሞ ኬኔት ሰሜን ሞዛምቢክ ገባ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሆነው ግን ተቃራኒው ነበር። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት 2010 ዱማዚሌና ኤሊያኪም በማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ ሲያልፉ፣ ከኮንጎ ወገን እርጥብ ነፋስ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንዲገባ አገዙ፤ ኬንያም በዚያ ወቅት በጎርፍ ተጥለቀለቀች። ስለዚህ «ሳይክሎን አለ፣ በልግ የለም» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ከማዳጋስካር ምዕራብ ነው ወይስ ምሥራቅ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ከሰሜን በኩል የሚመጡትም አሉ። ግንቦት 11 ቀን 2010 ሳጋር ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ሶማሌላንድ ገብቶ ቅሪቱ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደረሰ። በዚያው ወር መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ደግሞ ሉባን በዓረብ ምድረ በዳ ላይ ያዘነቡት ዝናብ ለበረሃ አንበጣ መራቢያ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ስምጥ ሸለቆ ድረስ የዘለቀው መንጋ መነሻው ያ ዝናብ ነው።

የሰማዩን ምስል ከመሬቱ ጋር የሚያገናኘው የዝናብ መለኪያ ነው፤ እኔ ከስልኩ ይልቅ የምወደው እሱን ነው። በ1973 ዓ.ም. በመሥሪያ ቤትነት የተቋቋመው የዛሬው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጣቢያዎቹን በአራት ደረጃ ይከፍላል፤ አራተኛው ዝናብ ብቻ የሚለካበት ነው። በታችኞቹ ደረጃዎች በየማለዳው ንባቡን የሚወስዱት በአብዛኛው የየአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው፤ የአገራችን የዝናብ መዝገብ በእነሱ ትጋት የቆመ ነው። መቂም የራሷ ጣቢያ አላት። የበልግ ዝናብ ግን ቁርጥራጭ ስለሆነ መቂ ላይ ወርዶ ዓለም ጤና ላይ ጠብ ላይል ይችላል፤ በየግቢው አንድ አንድ መለኪያ ቢኖር አይበዛም።

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ለዚህ ይበቃል። ጎኑ ቀጥ ያለውን መርጦ አንገቱን መቁረጥና ገልብጦ እንደ ማጥለያ መልሶ መሰካት ነው። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ይጨመርበታል፤ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ይሞላና እዚያ ላይ 0 ተብሎ ይሰመራል፤ ከዚያ በላይ ማስመሪያ ይለጠፋል። የሚቆመው ከዛፍና ከግድግዳ ርቆ ነው፤ ርቀቱ ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ይሁን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይንን ከውሃው ትክክል አድርጎ፣ ውሃው መሐል ላይ ጎድጎድ ያለበትን ማንበብ ነው። 1 ሚሊ ሜትር በካሬ ሜትር 1 ሊትር ስለሆነ፣ እንደ ዋዛ የምትታይ 5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ለአንድ ሄክታር 50,000 ሊትር ናት።

በመመዝገቢያ ደብተሩ በአንድ ወገን ሚሊ ሜትሩ፣ በሌላው ወገን የሳይክሎኑ ስምና የዕለቱ ቦታው ይጻፋል። ያልዘነበበት ቀንም 0 ተብሎ መመዝገብ አለበት። በኋላ ደብተሩን የሚያገላብጥ ሰው፣ ዝናብ የጠፋበትን ቀን ሳይለካ ከታለፈው ቀን የሚለየው በዚያ 0 ነው።