የኩላሊት ምርመራ ውጤትዎና የቆዳ ቀለም፦ ታካሚዎች ሊያውቁት የሚገባ

ዘረኝነት ሁልጊዜ በስድብ አይገለጥም። ሐኪምዎ ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ በሚጠቀምበት የስሌት ቀመር ውስጥ ተደብቆ ሊጎዳዎት ይችላል።

ምን ተፈጥሮ ነበር?

ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየው «ኢጂኤፍአር» የሚባለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚሰላው ከደም ምርመራ ሲሆን፣ ዝቅ ካለ ኩላሊት ደክሟል ማለት ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡ ቀመሮች ታካሚው ጥቁር ከሆነ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉ ነበር፤ የ2009ኙ ቀመር 16 በመቶ ገደማ ይጨምር ነበር። ኢትዮጵያውያንም በቅጽ ላይ «ጥቁር» ተብለን ስለምንመዘገብ ጉዳዩ እኛንም ይነካል።

ጉዳቱ ምን ነበር?

ዳያሊሲስ ላልጀመረ አዋቂ ታካሚ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተራ መቆጠር የሚጀምረው ቁጥሩ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ደማቸው ተመሳሳይ ውጤት ካሳየ ሁለት ሰዎች አንዱ 18 ሲባል፣ ጥቁሩ 21 ገደማ ይባል ነበር። ስለዚህ ተራው ሳይቆጠርለት ይቆያል።

አሁንስ?

በ2021 የአሜሪካ የኩላሊት ሕክምና ማኅበራት ዘርን የማይጠይቅ አዲስ ቀመር እንዲሠራበት አሳሰቡ። ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ የንቅለ ተከላ ማዕከላት በአሮጌው ቀመር ተራቸው የዘገየባቸውን ጥቁር ታካሚዎች መዝገብ እንዲያርሙ ታዘዙ።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

• የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ካለብዎት «ኢጂኤፍአሬ ስንት ነው? የተሰላው በ2021ዱ ቀመር ነው?» ብለው ይጠይቁ።

• ንቅለ ተከላ የሚጠብቁ ከሆነ ተራዎ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ማዕከሉን ይጠይቁ።

• በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም ትንፋሽ ካጠረዎት ይናገሩ፤ ቤት ከሆኑ 911 ይደውሉ።

• አስተርጓሚ ይጠይቁ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ፎርት ዎርዝ ውስጥ በእንዲህ ያለ ተቋም ሲታከሙ ለአስተርጓሚ አይከፍሉም። ልጅዎ እንዲያስተረጉምልዎ አያድርጉ።

ሐኪም ማክበር ባህላችን ነው። መጠየቅ ግን ድፍረት አይደለም፤ ካልገባዎት ራስዎን ነቅንቀው አይውጡ።