በቤት ሣጥን ስለሚቀመጥ ወርቅና ስለ ዶላር መድከም

የወርቅ ዋጋ ከፍ አለ በተባለ ቍጥር በየቤቱ ክርክር ይነሣል፤ ባል «ድሪው ይሸጥ» ሲል ሚስት «ገና ይጨምራል፥ ይቈይ» ትላለች። የሚከራከሩበት ዋጋ የሚቈረጠው በውጭ አገር በዶላር ነውና፥ የዶላሩን ነገር ለቤተ ሰብ በሚበቃ መጠን መግለጽ ፈቀድን፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1944 ዓመት በብሬተን ዉድስ በተደረገው ስምምነት መሠረት የአሜሪካ መንግሥት ለሌሎች መንግሥታት አንድ አውንስ ወርቅ፥ ይኸውም 31 ግራም ያህል፥ በ35 ዶላር ይለውጥ ነበር። ነገር ግን ዶላሩ በውጭ አገር እየበዛ፥ በግምጃ ቤት ያለው ወርቅ እያነሰ ሄደ። በ1971 ዓመት አሜሪካ ለውጭ አገር ከሸጠችው ዕቃ ከውጭ የገዛችው በለጠ፤ በዚያውም ዓመት በነሐሴ ወር ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላርን በወርቅ መለወጡን አቆሙ። ይህም ባለ ዕዳ አበዳሪዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ቢመጡ ጎተራው እንደማይበቃ አውቆ በሩን እንደ መዝጋት ነበር።

ከዚያ ወዲያ የወርቅ ዋጋ እየወጣ በጥር 1980 ዓመት 850 ዶላር ደረሰ። በዚያ ወር የገዛ ሰው ግን እጅግ ተጐዳ፤ በ1999 ዓመት 260 ዶላር እንኳ የማያወጣበት ጊዜ መጥቷልና። የብርማ የባሰ ነው፤ አንዱ አውንስ 50 ዶላር ያህል ከደረሰ በኋላ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ወደ 11 ዶላር ገደማ ወረደ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት የአሜሪካ ንግድ ጕድለት አንድም ዓመት አልቀረም ነበር! ስለዚህ «ዶላር ደከመ፥ ወርቅ ይወጣል» የሚለው የገበያ ወሬ ብቻውን አይታመንም። ባንኮች ከፍ ያለ ወለድ በከፈሉ ጊዜ፥ ወርቅ ወለድ የለውምና ሰው ይተወዋል።

በ2025 ዓመት በጥቅምት ወር ዋጋው ከ4,000 ዶላር አልፎ ነበር፤ የብዙ መንግሥታት ባንኮችም ወርቅ ገዝተው ያከማቻሉ። እንግዲህ ይወድቃል አንልም። ነገር ግን ለመጪው ዓመት የልጆች ትምህርት የታሰበውን ገንዘብ በወርቅ ላይ ማዋል መልካም ሆኖ አይታየንም። ከእናት የወረደውን ጌጥ ግን፥ ችግር ካላስገደደ በቀር፥ በገበያ ወሬ የሚሸጥበትን ምክንያት አናይም፤ ገዢው የሚከፍለው ለሚዛኑ እንጂ ለእጅ ሥራው አይደለምና። የግድ የሚሸጥ ከሆነም አስቀድሞ በቤት ይመዘን። ለምሳሌ አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ሲመዝን፥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ያህል ብቻ ነው።