የልጅነት አረዳድና የመምህራን ሥልጠና

በብዙ የአፍሪካ መምህራን ኮሌጆች ስለ ልጆች እድገት ሲነሳ ቀድመው የሚጠቀሱት የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ፒያዤና ኤሪክሰን ናቸው። ፒያዤ ያጠናው ግን የጄኔቫን ልጆች፣ በተለይም የራሱን ሦስት ልጆች ነበር። ከእነሱ የተገኘው መለኪያ ለየትኛውም ልጅ ይሠራል ወይ? የልጅን እድገት ከባህሉ ጋር አያይዞ የሚያጠናው ዘርፍ የበቀለው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ለመልሱ መሠረት ከጣሉት አንዱ በዛምቢያ የሠራው ሮበርት ሰርፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሉሳካና የማንችስተር ልጆች የተሰጣቸውን ቅርጽ አስመስለው እንዲሠሩ ተጠየቁ። በእርሳስና በወረቀት ሲሆን የማንችስተሮቹ በለጡ፤ በሽቦ ሲሆን፣ ከሽቦ መኪና እየሠሩ መጫወት የለመዱት የሉሳካ ልጆች መሩ፤ በጭቃ ግን እኩል ወጡ። ፈተናው በእርሳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሉሳካው ልጅ “ደካማ” ተብሎ ይቀር ነበር። ሰርፔል በገጠር የሚኖሩ የቼዋ ብሔረሰብ ጎልማሶችንም ብርቱ ጉዳይ ቢገጥማቸው የትኛውን ልጅ እንደሚልኩ ጠይቋል። ለእነሱ ፈጣን አእምሮ ብቻውን ልጅን ብልህ አያሰኝም፤ የተላከበትን በአደራ የሚፈጽም መሆን አለበት።

ካሜሩናዊው ባሜ ንሳመናንግ በ1992 በጻፈው መጽሐፍ ተመሳሳይ ሐሳብ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አቅርቧል፦ ልጅ የሚያድገው አቅሙ የሚፈቅደውን ኃላፊነት እየተረከበ፣ ታናናሾቹን እየጠበቀ፣ ከእኩዮቹም እየተማረ ነው። በ2011 ከቴሬዝ ቾምቤ ጋር ያዘጋጀው መድበል በቀጥታ ለአፍሪካ የመምህራን ትምህርት የታሰበ ነው።

ከአፍሪካ ውጭም፣ በካናዳ የሜዶው ሌክ ነባር ሕዝቦች ምክር ቤት ከቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1989 በጀመረው ሥልጠና የክሪና የዴኔ አዛውንቶች ክፍል ገብተው ያስተምሩ ነበር፤ ሠልጣኞችም የእነሱን ቃል ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ያነጻጽሩ ነበር። ኒውዚላንድም በ1996 ያወጣችውን የቅድመ መደበኛ ሥርዓተ ትምህርት፣ ቴ ፋሪኪን፣ የቀረጸችው ከማኦሪ ምሁራን ጋር ነው።

በዚህ አቀራረብ አከራካሪው ነጥብ የልጆች ሥራ ነው። በ1990 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 31 ልጅ ለቤተሰቡና ለማኅበረሰቡ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 15 ደግሞ ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቀዋል። ውሃ ስትቀዳ አርፍዳ የመጣች ተማሪ ልምድ እየቀሰመች ነው ወይስ ትምህርቷን እየተነጠቀች? ይህን መለየት የሚችለው ኑሮዋን የሚያውቅ መምህር ነው። ስለዚህ በነባሩ ኮርስ ላይ አንድ የአፍሪካ ምዕራፍ መለጠፍ አይበቃም፤ እጩ መምህሩ ልጆች በቤትና በሰፈር የሚሠሩትን መመልከት፣ በዚያም ችሎታ ራሱ መመዘን ይኖርበታል።