ስለ ሞተር ሲሊንደሮች አሰላለፍ፤ በአንድ ረድፍ፣ በሁለት ረድፍና ከዚያም በላይ

«ቪ8» የሚለው ቃል በአገራችን የአንድ ዓይነት መኪና ስም ሆኖ ከተለመደ ሰንብቷል። ትልቁ ላንድ ክሩዘር ባለፈ ቁጥር ሕፃን ሳይቀር «ቪ8 መጣ» ይላል፤ ሹመትንና ሀብትን ለማመልከትም ቃሉን የሚጠቀሙበት ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ «ቪ» ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ስምንት ተብሎ የሚቆጠረውም ምኑ እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ ከባለመኪናዎቹ መካከል እንኳ አጥርቶ የሚመልሰው ጥቂት ነው። ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጋዜጣ ላይ ቦታ ባልያዘ ነበር። ነገር ግን ለመኪና ግዢ፣ ለመለዋወጫ ዕቃና ለጥገና በየዓመቱ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ፣ የሲሊንደሮች አሰላለፍ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የሚያስከትለውን ልዩነት ቢያውቅ ይጠቀማል ብለን ስላመንን ጥቂት ለመጻፍ ተነሣን።

ሲሊንደር ማለት ፒስቶን የሚመላለስበት ጕድጓድ ነው። ነዳጁ በውስጡ ሲነድ ፒስቶኑን ይገፋዋል፤ ፒስቶኑም በቢየላው አማካይነት ክራንክ ሻፍቱን ያዞራል። በአዳማ ጎዳናዎች እንደሚርመሰመሱት ባጃጆች ሲሊንደሩ አንድ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ግፊቱ እየተቋረጠ ስለሚመጣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ እየተፈራረቁ ሲወቅጡ ሥራው ፋታ እንደማይኖረው ሁሉ፣ ሲሊንደሮቹ በበዙ መጠን አንዱ ግፊት ሌላውን እየተከተለው የሞተሩ አካሄድ ይለሰልሳል። እንግዲህ የመሐንዲሶቹ ጥያቄ እነዚህን ሁሉ ሲሊንደሮች በጠባብ ቦታ እንዴት አድርጎ ማሰለፍ ይቻላል የሚለው ነው።

ከሁሉም ቀላሉ በአንድ ረድፍ ማሰለፍ ነው። ከጅቡቲ ተነሥተው በአዋሽና በመተሐራ አድርገው ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚጓዙት ከባድ መኪናዎች አብዛኞቹ በአንድ ረድፍ የተሰለፉ ስድስት ሲሊንደሮች ያሏቸው ናቸው። አያታቸው እ.ኤ.አ. በ1931 መሠራት የጀመረውና በጣልያን ወረራ ዘመን በአገራችን የተሠራጨው ፊያት 634 ነው፤ ሕዝባችን የቁጥሩን መጨረሻ ብቻ ወስዶ «ትሬንታ ኳትሮ» ያለው ይኸው ነው። ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ፊያት 682 ተከተለ፤ እርሱም ስድስት በአንድ ረድፍ ነበረ። ዛሬ በየመንገዱ የሚታየው ሲኖትራክ እንኳ፣ 9.7 ሊትር የሚይዘው ሞተሩ ሥረ መሠረቱ ከኦስትሪያው ሽታየር ፋብሪካ የመጣ ሲሆን፣ አሰላለፉ ያው ነው። በእነዚህ ዘጠና ዓመታት ውስጥ ስንት ነገር ሲለዋወጥ ይህ ያልተለወጠበት ምክንያት አለው። በስድስት ሲሊንደር ረድፍ የፒስቶኖቹ መወራጨት እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ሞተሩ ያለ ምንም ተጨማሪ ዘዴ የተረጋጋ ይሆናል፤ መካኒኩም ሁሉን ነገር በአንድ መስመር ላይ ስለሚያገኘው በመንገድ ዳር ቆሞ ሊፈታው ይችላል።

የአንድ ረድፍ ጕድለቱ ርዝመቱ ነው። ስምንት ሲሊንደር በአንድ መስመር ቢደረደር የመኪናው አፍንጫ ከልክ ያለፈ ይሆናል። ስለዚህ አራቱን ወደ ግራ፣ አራቱን ወደ ቀኝ አዘንብለው በአንድ ክራንክ ሻፍት ላይ ያገናኙአቸዋል። ከፊት ሆኖ ለሚያየው ሁለቱ ረድፎች የላቲኑን «ቪ» ፊደል ይሠራሉ፤ የስሙም ምንጭ ይህ ነው። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ዚል 131 እና ኡራል ይህን አሰላለፍ የያዙ ነበሩ። ዚሉ ቤንዚን ጠጪ ሲሆን፣ ኡራል 4320 ግን የካማዝ ፋብሪካ የሠራውን 10.85 ሊትር የናፍጣ ሞተር የተሸከመ ነው፤ በዚህም ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ ስላለው፣ አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነ ሰባቱን ሳይነኩ ስምንተኛውን ብቻ ማንሣት ይቻላል። ሩሲያኖቹ ጋራዥ የሌለበትን አገር አስበው እንደ ሠሩት ያስታውቃል።

በሌሎች የቪ ሞተሮች ግን ባለቤቱ ብዙውን ነገር ሁለት ሁለት አድርጎ ይገዛል፤ ሁለት ቴስታታ፣ ሁለት ጓርኒሲዮን፣ ሁለት የጭስ መውጫ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የወጣው ባለ 4.5 ሊትሩ የላንድ ክሩዘር 200 የናፍጣ ሞተር ቱርቦው እንኳ ሁለት ነው። ሁለቱ ረድፎች መንታ ይምሰሉ እንጂ ዕቃቸው አይለዋወጥም። የግራው በቀኝ አይገባም። ይህ ጸሐፊ የመለዋወጫ ማዘዣ ደብዳቤ በመጻፍ ብዙ ዓመት እንደ ማሳለፉ፣ በማዘዣው ላይ «የግራ» ተብሎ በግልጽ ተጽፎ ሳለ አንድ የውጭ አገር ላኪ የቀኙን ልኮልን፣ መኪናው ሰባት ሳምንት በድንጋይ ላይ ቆሞ እንደ ቀረ ያስታውሳል። ላኪው ከፊት ቆሞ፣ እኛ ደግሞ ከሾፌሩ ወንበር ሆነን ስናይ የየራሳችን ግራ የተለያየ ነበረ። በአውቶሞቢል ሥራ ግራና ቀኝ የሚባለው በሾፌሩ ወንበር ተቀምጦ ወደ ፊት ሲታይ መሆኑን በማዘዣው ላይ ማስፈር ብዙ ክርክር ያስቀራል።

እዚህ ላይ የላንድ ክሩዘርን ሌላ ወንድም ሳናነሣ አናልፍም። በቆላው መንገድ ሁሉ የምናየው ሰብዓኛው ተከታታይ፣ 4.2 ሊትርና ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ ያለው፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ቱርቦ ስለሌለው አየሩ በሳሳበት ደጋ ይደክማል፤ በመቶ ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ ከመቶ አንድ ያህል ይቀንሳልና፣ አዳማ ሲደርስ ከመቶ አሥራ አምስት ያህሉን፣ አዲስ አበባ ሲገባ ከመቶ ሃያ በላይ አጥቷል። ቪ8ቱ በመንታ ቱርቦው ይህን ጕድለት አብዛኛውን ይሸፍነዋል። ቢሆንም ገንዘቡ የራሴ ቢሆን የትኛውን እንደምመርጥ ለመናገር አላመነታም፤ ስድስቱን ነው።

ሁለቱን ረድፎች ፈጽሞ አስተኝቶ ፊትና ጀርባ ማድረግም ይቻላል። የቮልስ ሞተር እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች ወደ ግራ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ ተጋድመው ፒስቶኖቹ እንደ ቦክስ ተጫዋች እጅ ይሰነዘራሉ። የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ስለ ሆነ፣ በመተሐራ ሐሩር ሌላው መኪና ራዲያተሩ ፈልቶ ሲቆም ቮልስ ውሃ ሳይለምን ያልፋል። በአራት ብሎን ብቻ የተያዘ ስለ ሆነ ሞተሩን ማውረድ ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን ያለ ነቀፋ አይደለም። በቀድሞዎቹ ላይ የዘይቱ ማቀዝቀዣ በነፋሱ መንገድ ላይ ተቀምጦ ስለነበረ፣ ከጀርባው ያለው ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ የቆዩ መካኒኮች ቮልስ ሲመጣላቸው አስቀድመው የዚያን ሲሊንደር ቫልቭ የሚመረምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንግዳ የሆነው ሞተር ወደ አገራችን የገባው ከዘጠና ዓመት በፊት ነው ቢባል የሚያምን ጥቂት ይሆናል። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ካመጣቸው ካሚዮኖች መካከል ላንቺያ ሮ የሚባል ነበረ። ሞተሩ ከጀርመኑ የዩንከርስ ፋብሪካ በፈቃድ የተወሰደ ሲሆን፣ ሲሊንደሮቹ ሁለት፣ ፒስቶኖቹ ግን አራት ነበሩ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ አንዱ ፒስቶን ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ናፍጣው በመካከላቸው ሲነድ ሁለቱንም ገፍቶ ያለያያቸዋል። የታችኛው በቀጥታ፣ የላይኛው በረጃጅም ዘንጎች አማካይነት አንዱን ክራንክ ሻፍት ያዞራሉ። ቴስታታ የለውም፤ ቫልቭም የለውም፤ ስለዚህ የሚቃጠል የቴስታታ ጓርኒሲዮን አልነበረውም። ብልኀቱ ግሩም ነበረ። ሆኖም ራሱ ላንቺያ እ.ኤ.አ. በ1938 በተካው በ3ሮ ካሚዮን ላይ ይህን ትቶ አምስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ አሰለፈ።

ይኸው ላንቺያ እ.ኤ.አ. በ1922 ላምዳ በተባለው አውቶሞቢሉ ሌላ ዘዴ አሳይቶ ነበረ። ሁለቱን ረድፎች እጅግ አቀራርቦ በአንድ ብሎክና በአንድ ቴስታታ ሥር አደረጋቸው፤ ሞተሩ የቪን አጭርነትና የአንድ ረድፍን ቁጠባ አንድ ላይ ያዘ። ይህን አሳብ ከብዙ ዓመት በኋላ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1991 በስድስት ሲሊንደር አነሣው፤ ቀጥሎም ሁለት እንዲህ ያሉ ጠባብ ሞተሮችን አጋጥሞ አራት ረድፍ አደረጋቸውና «ደብሊው» ብሎ ሰየማቸው። የመጨረሻው ጥግ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ቡጋቲ ቬይሮን ነበረ። ዐሥራ ስድስት ሲሊንደር፣ አራት ቱርቦ፣ 1,001 የፈረስ ጉልበት፣ ዐሥር ራዲያተር። ለጥገናው ምን ያህል እንደሚከፈል መገመትን ለአንባቢ እንተዋለን።

በረድፍ ብዛት ግን የአሜሪካው ክራይስለር ይበልጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታንክ ሞተር እጥረት በደረሰ ጊዜ፣ ፋብሪካው አምስት ተራ የመኪና ሞተሮችን በአንድ ማዕከል ዙሪያ አስሮ ባለ 30 ሲሊንደር ሞተር ሠራ። ይሥቁበት እንጂ አላሳፈረም፤ ዕቃው ሁሉ የሚታወቅ፣ መካኒኩም የለመደው ነበረና። በአንጻሩ የእንግሊዙ ቢ.አር.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1966 ለእሽቅድምድም አዲስ ብሎ የሠራው ባለ አራት ረድፍ 16 ሲሊንደር፣ ሁለት ክራንክ ሻፍት ተሸክሞ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ፣ በዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነው፤ እርሱንም በሌላ ቡድን መኪና ላይ ተገጥሞ።

ወደ ገበያችን እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አውቶሞቢልን የሚመዝነው በሞተሩ መጠንና በዕድሜው ነው እንጂ በረድፉ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሞተር ሲሊንደር የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም። እንግዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ ሞተሮች በጥገና እየቆዩ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከእንግዲህ የሚወሰነው ዕቃ በማግኘታቸው ነው። ባለ አንድ ረድፉ በአዳማ፣ በባቱና በሻሸመኔ ጋራዦች ዕቃም እጅም አያጣም። ቪ8 ያለው ግን ሁለቱ ረድፎች ገና ደኅና ሳሉ፣ የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ላይ ሳይሆን ከራሱ ከብሎኩ ላይ ገልብጦ፣ የግራውንና የቀኙን ጓርኒሲዮን ለየብቻ አዝዞ በመጋዘኑ ቢያኖር ይሻለዋል።