በእጅ ስለሚያዘው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ መሣሪያ ታሪክ

በኮልፌ ቀራንዮም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ገበጣ ለመጫወት ጉድጓድና ጠጠር ይበቃል። ወጪ የማይጠይቅ ጨዋታ ዕድሜው ረጅም ነው። በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ መሣሪያ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳናል።

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ በ1889 እ.ኤ.አ. በኪዮቶ ከተማ ሲቋቋም ሥራው የመጫወቻ ካርታ ማዘጋጀት ነበር። በኩባንያው ይሠሩ የነበሩት ሚስተር ጉምፔ ዮኮይ በ1980 «ጌም ኤንድ ዎች» የተባለውን ትንሽ መሣሪያ አበጁ፤ በ1989ም እርሳቸው የሚመሩት ክፍል «ጌም ቦይ»ን አወጣ።

የሚስተር ዮኮይ ሐሳብ የተለመደውንና ዋጋው የረከሰውን ዕቃ በአዲስ ዘዴ መጠቀም ነበር። ስለዚህም የጌም ቦይ ስክሪን ቀለም አልነበረውም፤ የራሱ ብርሃን ስላልነበረውም በጨለማ አያጫውትም። ነገር ግን በአራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ 15 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአታሪ «ሊንክስ» ባለቀለምና ባለብርሃን ሲሆን፥ ስድስት ድንጋይ በ5 ሰዓት ገደማ ይጨርስ ነበር። ገበያው ለጌም ቦይ ሆነ፤ በኋላ ከወጣው ባለቀለሙ ዓይነት ጋራ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

እንግዲህ መብራት በሚቋረጥበት አገር መሣሪያ ለመሥራት የምናስብ ተማሪዎች አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን «ስንት ሰዓት ይሠራል? ኃይሉ ሲያልቅስ ተጠቃሚው በምን ይተካዋል?» ብለን ነው።