በኦጋስታ የጎልፍ ተመልካች

እግር ኳስ ለማየት የሄደ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያያል። የጎልፍ ተመልካች ግን ይህ ዕድል የለውም። በአሜሪካ፥ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር፥ በኦጋስታ ከተማ በየዓመቱ በአፕሪል ወር የሚደረገውን የማስተርስ ውድድር ለማየት የገባ እንደ ሆነ፥ ተጫዋቾቹ በ18ቱ ጉድጓዶች ተበታትነው ስለሚጫወቱ፥ ወይ አንዱን መርጦ በእግሩ ሲከተል ይውላል፥ ወይም ከአንድ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሁሉ ይጠብቃል።

የቦታው ሥርዓት የሚያስገርም ነው። ተመልካቹ ወንበሩን በማለዳ አስቀምጦ ወደ ፈለገበት ቢሄድ ማንም አይወስድበትም፤ ባዶ ሆኖ ያገኘው ሰው ለጊዜው ዐረፍ ይልበትና ባለቤቱ ሲመጣ ይነሣለታል። መሮጥ ክልክል ነው። የእጅ ስልክም ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ በየደቂቃው ስልኩን ካላየ ለማይሆንለት ለዛሬው ሰው ይህ ሳይከብደው አይቀርም።

ታዲያ ይህን ያህል ጨዋነት በሚታይበት መስክ፥ ውድድሩ በ1934 (እ.ኤ.አ.) ከተጀመረ አንሥቶ እስከ 1975 ድረስ አንድ ጥቁር ተጫዋች እንኳ አልተሰለፈበትም። ጥቁሮቹ የተጫዋቾቹን ዱላ ይሸከሙ ነበር። በ1975 መጀመሪያ የገባው ሊ ኤልደር ነው።

በ1997 የ21 ዓመቱ ታይገር ዉድስ በመጨረሻው ቀን ሲጫወት፥ ኤልደር የ62 ዓመት ሰው ሆኖ፥ ዱላ ሳይዝ፥ እንደ ማንኛውም ተመልካች ሊያየው መጥቶ ነበር። በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት ምት የመታ ነውና፥ ዉድስ ከሁለተኛው በ12 ምት አንሶ ጨረሰ። ወደ ሽልማቱ ሲያልፍም ኤልደርን አየው፤ ቆሞም አቀፈው።